ካይሮ ላይ እንጠብቃቸዋለን

ታኅሣሥ 1
በረዶ ጣለ። ከሰፈራችን ከቶርንክሊፍ ወደ ሰብዌይ ባቡሩ የሚወስደው ባስ ዘገየ። ሥራ አርፍጄ ደረስኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም። ለመጦሪያ ቤቱ አረጋውያን ሾርባ አወጣሁ፣ ትሪ አጠብኩ፣ ተመለስኩ።

ማታ ዘርይሁን ጫማውን ይዞ ገባ። ነጭ ስኒከር፣ ሶሉ ወፍራም። እናቱ እማማ ወለተማርያም እግራቸውን ወረቀት ላይ አኑረው፣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስነድፈው ልከውለት ነበር። ወረቀቱን በመቀስ ቆርጦ ጫማው ውስጥ ከተተው። ልክክ አለ።

"እማዬ በዚህ ፒራሚድ ትወጣለች" አለ።

"ፒራሚድ መውጣት ኢሊጋል ነው፣ ዳድ።" ኤልያና ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የማታውቀው የለም።

ባሌ እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። እናቱን ካያቸው አሥራ ሦስት ዓመት። እሱ አገር ቤት አይገባም፤ ያ የድሮ ክስ አልተዘጋም። እሳቸው ወደዚህ እንዳይመጡ ሁለቴ ቪዛ ተከለከሉ። መሃል ላይ ግብፅ ተገኘች። እሳቸው ከአዲስ አበባ፣ እኛ ከዚህ ከቶሮንቶ። ካይሮ፣ ሉክሰር፣ አስዋን… "ካይሮ ላይ እንጠብቃታለን" ይላል ለሚያገኘው ሁሉ። ኤልያና አንድ ዓረፍተ ነገር ታጠናለች። "እንደምን ሰነበቱ አያቴ።" "ሰነበቱ" ላይ ምላሷ ይያዛል።

ታኅሣሥ 4
ሽፈራው ሥራ ቦታዬ ደወለ። የዘርይሁን ታናሽ ወንድም። ለምን ቤት እንዳልደወለ ወዲያው ገባኝ።

እማማ ቅዳሜ ዐርፈዋል። ተቀብረዋል።

"እንዳትነግሪው ብርቅዬ። ይሄ በስልክ አይሆንም። በእሷ ፋንታ እኔ ካይሮ እመጣለሁ። ከእኔ አፍ ይስማው፣ ትከሻዬ ላይ ያልቅስ። የቀረነው ሁለት ነን።"

"እስከዚያ እናቴን አገናኙኝ ብሎ ቢደውልስ?"

"ጸበል ሄዳለች እለዋለሁ።"

ዕቃ ቤት ገብቼ የቲማቲም ቆርቆሮ መሃል አለቀስኩ። ፊቴን ታጠብኩ። ምሳ አወጣሁ።

ታኅሣሥ 5
ዳንፎርዝ ሄጄ ጋሼ አስማማውን አማከርኩ። ግሮሰሪያቸው ውስጥ ከበርበሬው ጀርባ ተቀመጥን። እዚህ ከተማ ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም።

"ወንድሙ ካለ የሚያረዳው ወንድሙ ነው" አሉ። "ሚስት ባሏን አታረዳም።"

"ጉዞው ቢቀርስ?"

"ለምን ሲልሽ ምን ልትይው ነው?"

ምን እለዋለሁ? ቤት ገባሁ። ጥቁር ልብሴን ሻንጣው ውስጥ ከሥር አስቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 13
ካይሮ። ዘርይሁን ጫማውን በእጁ ይዞ ነው ከአውሮፕላን የወረደው። "የእማማ ቪዛ ትንሽ ዘግይቷል፤ በሦስት ቀን ይደርሳሉ" አልኩት። የዘገየው የሽፈራው ቪዛ ነው። አመነኝ። ሆቴሉ ክፍል ውስጥ አራተኛ አልጋ አስጨመረ። በመስኮቱ በኩል፣ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ። ማታ ስትነሳ እንዳይርቃት ብሎ።

ጫማውን አልጋው ሥር አስተካክሎ አኖረው።

ታኅሣሥ 14
ሙዚየም። አቧራ፣ መስታወት፣ የሰው ግፊያ። ዘርይሁን ሐውልቱን አያይም፤ የሚፈልገው ወንበር ነው። "እዚህ ጋ ትቀመጣለች። ደረጃው ይከብዳታል፤ ታች ያለውን ብቻ እናሳያታለን።" እሳቸው ሲመጡ እንደገና ሊያስጎበኝ እየተለማመደ ነው። ከኋላው ከኋላው ሄድኩ።

ኤልያና ጽሑፍ አነበበች። ሬሳውን አድርቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው እስኪጨርሱ ሰባ ቀን ይፈጅ ነበር አለች።

"ሰባ ቀን ሙሉ ቤተሰቡ ምን ይሠራል?" አለ ዘርይሁን።

"ይጠብቃላ፣ ዳድ።"

"አይ ጭካኔ!"

ውሃ ልግዛ ብዬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 16
ከስልክ ቤት ለሽፈራው ደወልኩ። "ቪዛ ከለከሉኝ" አለ። ሌላ ምንም።

ቶሮንቶ ጋሼ አስማማው ጋ ደወልኩ።

"ዛሬውኑ ልንገረው ጋሼ። አልቻልኩም።"

"በባዕድ አገር? ማን ይይዘዋል? ማን አብሮት ያለቅሳል? ይዘሽው ነይ። እኛ እዚህ ተሰብስበን እንነግረዋለን።"

"ገና ብዙ ቀን ይቀረናል እኮ።"

"ቻይው ልጄ።"

ተመልሼ "እማማን ቪዛ ከለከሏቸው" አልኩት። ይህቺን ቤታችን ያውቃታል። አልተጠራጠረም። ባዶው አልጋ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ሲያሽ ቆየ። ከዚያ ተነሳ።

"በቃ ሁሉንም ፎቶ አንስተን እንልክላታለን። የቀረባት እንዳይመስላት።"

ሦስት ፊልም ገዛ።

ታኅሣሥ 17
ጊዛ። ፒራሚድ፣ ግመል፣ አሸዋ።

"ሳቂ እንጂ ብርቅዬ! እማዬ ስታይ ከፍቷታል ነው የምትለው።"

ሳቅሁ።

"ጥርስሽን።"

ጥርሴን አሳየሁ። ከድንጋዩ ጎን፣ ከግመሉ ጎን፣ ከግመሉ ጌታ ጎን። ኤልያና ግመሉ ተፋብኝ ብላ አለቀሰች። ባለቅስ ለእኔም ምክንያት ይሆነኝ ነበር።

ታኅሣሥ 19
ሉክሰር። ዓምዶቹ ትልልቅ ናቸው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ታኅሣሥ 21
አስዋን። ከሰዓት ባለሸራ ጀልባ ተሳፈርን። ፀሐይ ነበር፣ ነፋስ ነበር። ዘርይሁን ለባለጀልባው በእንግሊዝኛ "ይሄ ውሃ ከእኛ አገር የመጣ ነው፤ ቪዛ ጠየቃችሁት ወይ?" አለው።

ሰውየው ኮስተር ብሎ፣ "ባዶ እጁን ቢመጣ እንመልሰው ነበር። ጭቃ ይዞልን ስለመጣ አሳለፍነው" አለ።

ሳቅሁ። ጥርስ ማሳየት አይደለም… ሆዴን ይዤ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ አለኝ። እማማን ረሳኋቸው። ሞታቸውንም፣ ጭራሽ መኖራቸውንም። ዘርይሁን ካሜራውን አነሳ፣ ቀጭ አደረገ።

ድምፁን ስሰማ ትዝ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ታኅሣሥ 23
ልነግረው ነበር። እየተላጨ ነው።

"ዘርይሁን" አልኩት።

"አቤት?" በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው።

"ፎጣውን አቀብለኝ።"

ታኅሣሥ 26
ቶሮንቶ። ጫማውን ያው በእጁ ይዞ ነው የተመለሰው። "ሰው ሲሄድ እንልክላታለን" አለ። ጋሼ አስማማው ደወሉ። ነገ ጠዋት።

ታኅሣሥ 27
ሳይነጋ ተነስቼ ጥቁሩን ለበስኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ዘርይሁን በፒጃማው ወጥቶ ከፈተ። ጋሼ አስማማው ከፊት፣ ጎረቤታችን ጸሐይና ባሏ፣ ከኋላቸው ኮሪደሩን የሞላ ሰው። አንድም የሚያወራ የለም። ዘርይሁን እነሱን አየ። ዞሮ እኔን አየ። ልብሴን።

ጋሼ አስማማው ገና "ዘርይሁን፣ ልጄ…" ሲሉ ወደቀ።

ያዙት። ያ ሁሉ ሰው የመጣው ለዚህ አይደል? እኔም እንደ ልቤ ጮህኩ። የሕንፃው ኃላፊ ሱፐሩ ከታች ወጥቶ፣ አይቶን፣ ተመለሰ። ኤልያና በር ላይ ቆማ ቀረች።

ትንሽ ሲረጋጋ "መቼ ነው?" አለ።

"ከመሄዳችሁ በፊት" አሉት ጋሼ አስማማው። "ብርቅዬ ጨክና ችላልሃለች።"

እንዲህ ያሉት ሊያመሰግኑኝ ነው። እሱ ለቅሶውን አቆመ።

ታኅሣሥ 29
ዛሬ ገና ነው። ሦስተኛ ቀን ልቅሶ። ማታ ሰዉ ተበተነ፤ በር ላይ የተከመረው ጫማም አብሮ ሄደ። ነጩ ስኒከር ብቻ ቀረ። ማን እዚያ እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም።

ጥር 3
"ሙዚየሙ ጋ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ወንበር ስፈልግላት?"

"አዎ።"

"አልጋውን ሳስጨምር?"

"ዘርይሁን፣ ወንድምህ ነው ያለኝ። ሽማግሌዎቹ ናቸው…"

"የጠየቅሁሽ ስለ አልጋው ነው።"

"አዎ።"

ሶፋው ላይ ተኛ። ኤልያናም ቁርስ ላይ "ዩ ኒው፣ ማሚ?" ብላ ያንኑ ጠየቀችኝ። በአማርኛ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 14
ፎቶዎቹ ታጥበው መጡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸውና ጠራኝ። እጄ ሳሙና ነው። አጠገቡ ቆምኩ።

ፒራሚዱን አያይም። የሚያየው ፊቴን ነው።

"ይሄ የግድ ሳቅ ነው" አለ፤ የግመሉን ወደ ጎን አደረገ። "ይሄም የግድ ነው።" የሉክሰሩን። አንዱንም አልሳተ። ጀልባው ላይ ሲደርስ ቆመ። ራሴን ወደ ኋላ ጥያለሁ፣ አፌ ተከፍቷል፣ ሻሼ ተንሸራቷል።

"ይሄ ግን የግድ አይደለም።"

አይደለማ።

ሌሎቹን ኤንቨሎፑ ውስጥ መለሰ። ያቺን ወስዶ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፋት።

ጥር 20
ይኸው ስድስት ቀን ሙሉ ወተት ባወጣሁ ቁጥር አያታለሁ። ዘርይሁን አሁንም የሚተኛው ሶፋው ላይ ነው፤ ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲያስፈልግ ጨው አቀብዪኝ ይላል። ዛሬ ኤልያና ጭማቂ ልትቀዳ መጥታ ፎቶዋ ፊት ቆመች።

"ማሚ፣ ዩ ሉክ ሶ ሃፒ።"

ሳሎን ሆኖ ሰማት። መጥቶ ፎቶዋን አላነሳም። እኔም አላነሳኋትም።