ድመቷ ከቦታዋ አልተነሳችም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ በወጣህበት በገባህበት ሁሉ ጌታ ይከተልህ፣ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። ጣራው አሁንም ያፈሳል፤ ጉልበቴን ግን ተሽሎኛል። አንተ ወፍራም ካልሲ ሳታደርግ እንዳትወጣ።

አባትህ ጌታን አገኘሁ ሲል እኔም እንዳንተ የሰሞን ነገር ነው ብዬ ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው፤ ጠዋት ሳይንበረከክ የስፌት ማሽኑ ላይ አይቀመጥም። ማክሰኞ ዕለት የደንበኛ ሱሪ ስተኩስ አቃጠልኩበት። የድሮ ጩኸቱ ትዝ አለኝ። እሱ ሱሪውን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "እጅሽን አላቃጠለሽም አይደል?" አለኝ። "እንዴት ቻልክ?" ብለው፣ "በየጠዋቱ ጌታን የምለምነው ይህንኑ አይደል" ብሎ መቀሱን አነሳ። ድሮ እሱ ሲያስል እንኳ አልጋ ስር ትገባ የነበረችው ድመት፣ ማሽኑ ስር እንደተኛች ቀረች። እሷ ደግሞ በወሬ የምትታለል አይደለችም።

አባትህን ያደሰ አምላክ ያንተንም ልብ ያለስልስልህ። አባትህ ስልክ ሲያነሳ "እማዬን አቅርብልኝ" ማለቱን ተወው፣ የኔ ጌታ። እሁድ ስትደውል እኔ ቤት የለሁም፤ ስልኩን ለሱ ትቼለት ነው የምወጣው።

እናትህ