በፓስተር ደግፌ ስም የተመዘገበው ጥፋት

ፓስተር ደግፌ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ዳና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ልክነሽ ኦላ በ1953 ዓ.ም. በገረሴ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በአርባ ምንጭ ተከታትለው በጫኖ መምህር ሆኑ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወርቂቱ ካሱ ጋር ትዳር መሥርተው ሲላስን፣ አጵሎስን እና ኢየሩስን አፍርተዋል። በ1988 ዓ.ም. መምህርነቱን ትተው በአርባ ምንጭ ሙሉ ጊዜያቸውን ለወንጌል አገልግሎት ሰጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫሞ ሐይቅ ዳር ወርደው፣ መረባቸውን ከሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆች ጋር ተቀምጠው በጋሞኛ ያስተምሩ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጉባኤ ሲያቋርጥ አገልግሎታቸውን በፌስቡክ ቀጠሉ። ስልኩን የምትይዘው ያኔ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ኢየሩስ ነበረች። ካሜራውን ማየት ስለሚያፍሩ ግድግዳውን እያዩ ይሰብኩ ነበር፤ ቤተሰቡም በዚህ ይስቅ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ጉባኤው ተመልሶ ስርጭቱም በቀጠለበት ጊዜ፣ አንድ እሑድ ስብከቱ አልቆ ሰው ሲወጣ አንዲት እናት ለጸሎት ቀርበው የቤታቸውን ምሥጢር ነገሯቸው። የቀጥታ ስርጭቱ ግን አልተዘጋም ነበር። ከተማው ሁሉ ሰማ፤ እናቲቱም አጥቢያውን ትተው ሄዱ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ሲጠይቋቸው፣ «ስልኩም ገጹም የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አሉ። ለሁለት ዓመት ከመድረክ ታገዱ። ባጃጅ ነጂዎች ሲያልፉ፣ «ፓስተር ላይቭ! ዛሬ የማንን ጉድ ያሰሙናል?» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም እጃቸውን አንሥተው ሰላምታ ይሰጧቸዋል።

በእገዳው ዘመን ጫኖ ባለው ማሳቸው ሙዝ ሲያለሙ ቆዩ። እንደ ጋሞ ሽማግሌዎች ወግም ይቅርታ ለመጠየቅ እርጥብ ሣር ይዘው በእናቲቱ ደጅ ሦስት ጊዜ ተንበረከኩ። በሦስተኛው እናቲቱ ሣሩን ተቀበሏቸው። በ2015 ዓ.ም. ወደ አገልግሎት ቢመለሱም፣ ምሥጢሩን ይዞ ወደ እሳቸው የሚመጣ ሰው ጥቂት ሆነ። ይህን አውቀው አለፉ፤ ቅር መሰኘታቸውን ግን ቤት ውስጥ መደበቅ አልቻሉም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን እና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ይህን የጻፈችው ኢየሩስ ናት። ያን እሑድ ስርጭቱን ያልዘጋችው ረስታ አልነበረም። የተመልካቹ ቁጥር ከአርባ ወደ ስድስት መቶ ሲወጣ አይታ እጇን ሰበሰበች። አባቷ ይህን ያውቁ ነበር። በሽማግሌዎቹ ፊት ሲቆሙ እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ አልተነሣችም። እስከ ዛሬም አልተነሣችም። ይህ እንዲነበብ እናቲቱን አስፈቅዳለች።

ሰው ያጎደፈውን ስማቸውን ጌታ በክብር ይጥራው፤ በዕረፍቱም ይቀበላቸው። ሽማግሌዎቻችንም የዚያን ዓመት ቃለ ጉባኤ ከፍተው የአባቷን ስም እንዲሰርዙና በቦታው የእሷን እንዲጽፉ ኢየሩስ በትሕትና ትለምናለች።