ለጂዛን ሐሩር የሚሆን አበባ

ጂዛን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ነሐሴ 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እኔ ከሙቀቱና ከማዳም በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። «ቻይው» ብለሻል። ባለፈውም ብለሽኝ ነበር። ውሌ ካለቀ ዓመት አለፈው፤ ፓስፖርቴ ግን እስካሁን ከማዳም ቁምሳጥን አልወጣም። እስቲ የሰሞኑን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

በሩ አጠገብ ከጡብ የተሠራች ከፍ ያለች የአበባ መደብ አለች፤ ስፋቷ ከአንድ ሰው አልጋ አይበልጥም። ማዳም ለልጇ ለሐናን ሠርግ በአበባ እንድትሞላላት ፈለገች። ደጋው አብሃ ሄዳ ፔቱኒያ የሚባል አበባ አይታ ኖሮ፣ ካልተተከለልኝ ሞቼ እገኛለሁ አለች። የደጋ አበባ ይህን ሐሩርና የአሸዋ ነፋስ አይችልም፣ ይህን ተምሬዋለሁ አልኳት። «አንቺ የተማርሽው መጥረግ ነው፤ ያላ!» አለችኝ። ተከልኩላት። ሳምንት ሳይሞላው ኩምትር ብሎ ደረቀ። ጥፋቱ የማን ሆነ? የእኔ! «የሐበሻ ዓይን በላው» ብላ ዓይን ለመመለስ መደቧ ላይ ጨው በተነችባት። እታለም፣ አፈር ላይ ጨው! አፈሩን በሙሉ ዝቄ ጣልኩ።

በመጨረሻ ሲጨንቃት፣ ራስሽ ምረጪ፣ ለሠርጉ ካበበ ወላሂ ፓስፖርትሽን ሰጥቼሽ አገርሽ እሰድሻለሁ አለች። ቪንካና ፖርቱላካ መረጥኩ፤ ሁለቱም ፀሐይ ሲበረታ ነው የሚያምርባቸው። በዳር በዳሩ የዚህ አገር ሴቶች ለሠርግ ጎንጉነው ራሳቸው ላይ የሚያደርጉትን ፉል የሚባል ነጭ አበባ ጨመርኩ። ችግኙን እዚሁ ቅርብ ካለችው ከሳብያ ከተማ በፒክአፕ ያመጣልኝ ሬድዋን የሚባል የወሎ ልጅ ነው። መደቧን አይቶ «ይቺን ለማልማት ነው የእርሻ ዲፕሎማ የያዝሽው? እኛ አገር ለዶሮ መጫሪያም አትበቃ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሳጥኑን አውርድና ዝም በል አልኩት። ዝም ማለት ግን አያውቅበትም።

አበበ፣ እታለም! እንዴት ያለ ማበብ መሰለሽ! ሠርገኛው በሩ ላይ ቆሞ አልገባ አለ። ሙሽራዋ ያጌጠችውም በእኔው ፉል ነው።

ሠርጉ እንዳለፈ ፓስፖርቴን ጠየቅኩ። «እጅሽ እንዲህ ቡሩክ ሆኖ ማን ይለቅሻል? ሐናንም ቤቷ መደብ እያሠራች ነው፤ ኸላስ፣ በቃ» አለችኝ። ያመሰገነችኝ መስሏታል! ወላሂ ብለሽ ምለሻል አልኳት። ከት ብላ ስቃ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ፣ እንደ ሕፃን።

እንግዲህ «ቻይው» የሚለውን ቃል ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።

ሬድዋን ረቡዕ የችግኙን ባዶ ሳጥኖች ሊወስድ ይመጣል። ጭነቱ ቢከብድብህስ ብለው፣ «አንቺ ብቻ መንገድ ላይ እንዳታስነጥሺ» አለኝ።

መልስሽን ወደዚህ ቤት አትላኪ። እመቤታችን ልጆችሽን ታሳድግልሽ፣ ጉልበትሽንም ታጽናልሽ። ለእኔ ጸልዪልኝ እንጂ አታልቅሺ።

ያሳደግሻት ታናሽ እህትሽ