የእማዬ ምድጃ ጭስ

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ዛሬም ከሥራ ስገባ ማድ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ጠበቀኝ። እማዬ ዓይኗን እየጠራረገች ትስላለች። ምድጃውን አየሁት። ልክ እንዳሳየኋት ሁለት ቀጭን ፍልጥ ብቻ ነው የማገደችው፤ እንጨቱም ራሴ ፈልጬ ያደረቅኩት ነው። አመዱም ተጠርጓል። ታዲያ ጭሱ የት ነው የሚታፈነው?

ይህን ቧንቧ ያለው ቆጣቢ ምድጃ የገዛሁላት እኮ ለሳሏ ብዬ ነበር። እሳቱ እስኪበርድ ጠብቄ ወንበር ላይ ወጣሁና ቧንቧውን ነቀልኩት። ውስጡ አሮጌ ነጠላ ተወትፎበታል። ጠርዙ ተለብልቧል።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ምንም ሳታፍር። «ጭሱን ሁሉ ለናዝሬት ነፋስ ሲያስረክበው ዝም ብዬ ልይ? ዘሬን ነቀዝ ይጨርሰው?»

ቀና አልኩ። ከደራ ስትመጣ ይዛው የመጣችው የዘር በቆሎ ከነሽፋኑ ታስሮ፣ ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። ጠቁሯል።

«ዝናቡ ሲጥል ወንድምህ ይዘራዋል» አለች።

ወንድሜ ማሳውን ለሌላ ሰው ካስተላለፈ ወራት አልፈዋል። ለእሷ የነገራት የለም። ዛሬስ መደበቁ ይብቃ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ነጠላው እሳት ይይዛል፣ እማዬ» አልኳት።

«እንግዲያው በቆርቆሮ ድፈንልኝ።»

ቆርቆሮ ፈልጌ፣ በቧንቧው ልክ ቆርጬ ደፈንኩላት። ይኸው አሁን ሳሏ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል።