ከብልባላ ስሞች ኋላ

ሰኞ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2005

ዛሬም «አልተገኘም»። የብልባላ ቀበሌ ስሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም። በረዶ ሰብላቸውን ለመታባቸው ገበሬዎች ምትክ የሽምብራ ዘር ተፈቅዷል፤ የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም ከዞን በፍላሽ መጣ። ከቀበሌ የመጣውን ደግሞ እዚህ ወረዳው ቢሮ እኔ ጻፍኩ። ኤክሴል ሁለቱን ያስተያያል፤ ስሙ ያልተገናኘ ሰው ዘር አያገኝም። በዓይኔ ሳያቸው አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ አይደሉም ይላል።

ወይዘሮ ደብሬ ከብልባላ በእግራቸው መጡ። ስምዎ የለም ስላቸው ጠረጴዛዬን ይዘው ቆሙ። «ልጄ፣ እፊትሽ ቆሜ የለሽም ትይኛለሽ?» አሉ። መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ ካልተዘራ ዘሩ ኋላ ቢመጣም ምን ያደርግላቸዋል?

የጋሸና አካባቢን ስሞች የያዘችው ሰናይት ናት። የእሷ ሁሉም ተገናኝቷል። እንዴት ሆነልሽ ብላት «እኔንጃ፣ የዚያ ሰዎች አጣርተው ጽፈው ይሆናል» አለችኝ። ደሴ ኮሌጅ አብረን ተምረን፣ እዚህ ላሊበላም አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። ብታውቅ ትነግረኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ትንሽ ድል። ከዞን የመጣውን አንድ ስም አጥፍቼ ራሴ ጻፍኩት፤ ተገናኘ። እንግዲህ ችግሩ የማይታይ ነገር ነው። ግን ያን ሁሉ ስም እንደገና መጻፍ አይቻልም። ገና ጥቂት እንደሄድኩ መብራት ጠፋ።

ኃላፊያችን አቶ አስፋው ጠርተው አስጠነቀቁኝ። እስከ ዓርብ ስሞቹ ካልጸዱ የብልባላ ዘር ወደ ሌላ ቀበሌ ይዞራል። ነገ ደግሞ ግምገማ አለ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

ግምገማው ላይ የብልባላ ነገር ተነሣ። የአንድ ለአምስታችን መሪ ሰናይት ናት፤ ሂስ እንድትሰጥ ጠየቋት። ቆመች። «እህቴ ናት፤ ግን እውነቱን ለመናገር ሥራ ላይ ጥንቃቄ ይጎድላታል» አለች። በተደጋጋሚ መክራኝ እንዳልሰማኋት ጨመረች። አንድም ቀን አልመከረችኝም። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ቤት ስንገባ የጾሙን ሽሮ ሠርታ ብይ አለችኝ። ለምን እንዲህ አደረግሽ አልኳት። ሂስ ነው፣ ቂም አትያዥ አለች። አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

አገኘሁት። ግን በግምገማው ማግስት!

ፊደል የሚቆጥረውን ትእዛዝ ሞከርኩ። «ደብሬ» ሦስት ፊደል ነው፤ ኮምፒውተሩ አራት አለ። ከስሙ ኋላ ባዶ ቦታ የሚመስል ነገር ተለጥፏል። ትርፍ ክፍተት የሚያጠፋው ትእዛዝም አይነካውም።

የጋሸናው ስም እንዴት ከዚህ እንደዳነ ለማየት ያው ፍላሽ ላይ ያለውን ከፈትኩ። አልዳነም። እያንዳንዱ ስም ኋላ ያው ነገር አለ። ሰናይት የምትሠራበት ፋይል ላይ ግን ጠፍቷል። ፋይሉ የተቀመጠበትን ቀን አየሁ፤ ያለፈው ሳምንት ነው። እኔ ግምገማው ላይ ሰው ሁሉ ፊት ስዋረድ እሷ ታውቅ ነበር።

ጓሮ ወስጄ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ካደች። ኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይህ የዘር ሥራ ሲያልቅ ቢሮው ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ነው የሚያስቀረው። አንቺ አታስቢበትም፤ እኔ አስባለሁ» አለች።

«የብልባላ ሰዎችስ ምን በደሉሽ?»

ከዚያ አጠፋፉን ነገረችኝ፤ ያን ባዶ ነገር ገልብጦ መፈለጊያው ላይ ለጥፎ በምንም መተካት። ይኸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የነፈገችኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

በጠዋት ገብቼ አጠፋሁት። ስሞቹ ከሞላ ጎደል ተገናኙ። «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ዓይነት ጥቂት ቀሩ፤ እነሱን አንድ በአንድ በእጄ አስተካከልኩ። አቶ አስፋው ፈረሙ። ከሰዓት በኋላ ዘሩ በመኪና ወደ ብልባላ ሄደ። ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሜ መኪናው እስኪሰወር አየሁት።

አቶ አስፋው ችግሩ ምን ነበር ብለው ጠየቁኝ። ከፍላሹ ጋር የመጣ ነው አልኩ። ሰናይት አጠገባችን ተቀምጣ ነበር፤ ቀና አላለችም። የቀረውን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ለእሷ አዝኜ አይመስለኝም። ብናገር የማለቅስ መሰለኝ፤ እሷ ፊት ማልቀስ ደግሞ አልፈለግሁም።

ቃለ ጉባኤው ይታረምልኝ አልኳቸው። «እሱማ አልፏል» አሉ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

ፍራሼንና ልብሴን ይዤ የአክስቴ ልጅ ቤት ገባሁ። ሰናይት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር፤ ቁልፉን ለአከራያችን ሰጠሁ። አንድ ላይ የገዛነውን ምድጃ ተውኩላት።

ዝናብ ጀምሯል። ብልባላም እየዘነበ ከሆነ ደግ ነው።

ሰኞ ቢሮ እንገናኛለን፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። «እንደምን አደርሽ» ማለቷ አይቀርም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ልበላት ወይስ ዝም ልበል፣ እስካሁን አልቆረጥኩም።