ሰው የሌለበት የግዮን ፎቶ

አባዬ፣

ነገ ዓመትህ ነው። እማዬ ከሏን እስካሁን አላወለቀችም። ፎቶ ቤትህን ወንድምህ አጎቴ ሙላት ከፍቶታል፤ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ በገበያ ቀን ወረፋ አለ። ካሜራህን ግን ማንም አልነካውም።

የምጽፍልህ፣ እንደምታውቀው፣ ሰው ፊት አፌ ስለሚታሰር ነው።

አጎቴ ለሙት ዓመትህ ባነር አዘዘ። ያን ከአባይ ገደል አፋፍ ያነሳኸውን ፎቶ መረጠና ሰማዩ ላይ ጉርድ ፎቶህ ይለጠፍ አለ፤ በግራ ሻማ፣ በቀኝ ሁለት ርግብ። "የወንድሜን ፊት ሳላሳይ ሰው አልጠራም" አለ። ክፋት የለበትም፤ ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ ግን ያን ፎቶ ለማንሳት የተመላለስንበትን ጊዜ አሰብኩ። ጎህ ሳይቀድ ከመካነ ሰላም በጭነት መኪና ተሳፍረን፣ ጉሙ ከገደሉ እስኪነሳ በብርድ ዝም ብለን እንቆም ነበር። ሰዎች "ባዶ ገደል ምን ያደርጋል? ቢያንስ አንድ በቅሎ አስገባበት እንጂ!" ሲሉህ አብረሃቸው ትስቃለህ። ከዚያ "መጽሐፉ ግዮን ያለው ወንዝ እኮ ነው። ሰው ከገባ ሁሉም የሚያየው ሰውየውን ነው" ትላለህ። የዮርዳኖስን ሥዕል ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው፣ ግዮን ደጁ መሆኑን እንዲያይ ነበር ምኞትህ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ባነር አታሚው ሰይድ ጋ ገባሁ። ማሽኑ በርቷል። ፊትህ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ስክሪኑ ላይ አየሁት። "ቆይ፣ አታትመው!" ስል የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም።

"ወላሂ እጄም እሺ አላለኝ" አለ ሰይድ። "አባትሽ ይህን ቢያይ ከገዛ ሱቄ ያባርረኝ ነበር። አብሽሪ፣ እስኪመሽ እጠብቃለሁ። ግን አጎትሽን ራስሽ ንገሪው።"

ራስሽ ንገሪው! እንዴት አድርጌ?

ቤት ገብቼ ኮምፒውተርህን ከፈትኩ። ፎቶውን አንተ እንደተውከው ለማየት ብቻ ነበር። ከአጠገቡ ያልተቆረጠውን አገኘሁ፤ "አበላሸሁት" ብለህ ግርጌውን ከመቁረጥህ በፊት የነበረውን። ፀሐይ ከጀርባችን ወጥታለች። ሣሩ ላይ ጥላህ ረዝሞ ተኝቷል፤ ሰፊው ኮፍያህ፣ የካሜራው ማቆሚያ ሦስት እግሮች፣ ከጎንህ ደግሞ አጭሯ እኔ።

ለእማዬና ለአጎቴ አሳየኋቸው። "እዚህ አለ" አልኩ። ጥላህን አመለከትኩ።

አጎቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። "ፊቱስ?" አለ። "እንግዳው እሱ መሆኑን በምን ያውቃል?"

እማዬ በጣቷ ኮፍያህን ነካች። "ይህን ኮፍያ የማያውቅ በመካነ ሰላም ማን አለ?"

አጎቴ ስልኩን አውጥቶ ሰይድ ጋ ደወለ። "ሌላ ፎቶ እልክልሃለሁ" አለው። ሊዘጋው ሲል ጨመረ። "እነዚያን ርግቦችም አውጣቸው።"

አባዬ፣ አንተ ቆርጠህ የጣልከውን እኔ መለስኩት። አትቀየመኝ። ነገ ድንኳኑ ውስጥ ግዮን ይኖራል፣ አንተም አፋፉ ላይ።

ክረምቱ ሲወጣ ካሜራህን ይዤ እዚያው ቦታ እቆማለሁ። ፀሐይ ከጀርባዬ ስትወጣ ሣሩ ላይ የሚወድቀው የእኔ ጥላ ብቻ ይሆናል። አልቆርጠውም። ባነሳሁ ቁጥር ከጎኑ ያንተን ቦታ ክፍት እተውልሃለሁ።

ልጅህ ትዕግሥት