ለጋዜጠኞች የላክሁት አራተኛ ገጽ

ማክሰኞ፣ መስከረም 11

አራተኛውን ገጽ ጨረስኩት። «እነዚህ ፎቶዎች የማን ናቸው?» ይላል። በግራ እኔ ያነሳኋቸው፣ በቀኝ የቀድሞ ሸሪኬ ታሪኩ የራሱን ስም ጽፎ በካላንደር ያሳተማቸው። ያው ራሳቸው ናቸው። ከሥር ምንም አልጻፍኩም፤ ጋዜጠኛ ዓይን አለው።

አብረን ፎቶ ቤት በነበረን ጊዜ እኔ ዳሞት ተራራ ስወጣ እሱ ሱቅ ተቀምጦ ጉርድ ፎቶ ይቆራርጥ ነበር። ካላንደሩ ሲወጣ ስለ እኔ ለጠየቁት «ቦርሳ ትይዝልኛለች» አለ። ቦርሳ! ይህን የሰማሁ ቀን እስኪያፍር አልተውም ብያለሁ።

የወላይታን ፎቶና ወሬ የያዘው ድረ ገጼ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በኋላ ማክሰኞ ይመረቃል። ለሐዋሳ ጋዜጠኞች የሚላከው ሚዲያ ኪት የሚሉት ፎልደር ውስጥ፦ ስለ ድረ ገጹ፣ ስለ እኔ፣ የጥሪ ወረቀት፣ ሎጎና ፎቶ በሲዲ። እና ያ ገጽ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ መብራት የለም። እማዬ ደወለች። ታሪኩ ለዕርቅ ሽማግሌ ሊልክ ነው አለችኝ።

ይኼን አላሰብኩም ነበር። ጊፋታ ሳይገባ የተጣላ ይታረቃል፤ በር ላይ የቆመን ሽማግሌ እምቢ ማለት ደግሞ አልችልም። ስለዚህ ገጹ እስኪላክ ቤት መገኘት የለብኝም። የለችም በያቸው አልኳት። አልዋሽም አለች።

ሐሙስ

በዴሳ ከተማ፣ አክስቴ ቤት። ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት ብያታለሁ፤ እውነትም ነው። «ስለ እኔ» የሚለው ገጽ አልጻፍ አለኝ። በየመስመሩ ታሪኩ ይገባብኛል። ስሰርዝ ስሰርዝ «ፎቶ አንሺ ናት» የምትለው ብቻ ቀረች። ትበቃለች።

ዓርብ

ተደብቄ ሶዶ ገባሁ። ሁሉም ታተመ። አራተኛው ገጽ በጣም አምሯል፤ እያነሳሁ አየዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ተመልሰዋል። እማዬ አኩርፋኛለች።

ቅዳሜ

በጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ፎልደሮቹን ለሐዋሳ ሚኒባስ ረዳት ሰጠሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሩን ከፈትኩት። አሁን ይምጡ።

መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ ከፊት፣ ታሪኩ ከኋላ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ተቀበልኳቸው። ጋሽ ጴጥሮስ ጸልየው፣ ያጠፋ ጥፋቱን ይናገር አሉ። ይሸፋፍናል ብዬ ስጠብቅ ታሪኩ ተነሳ።

«ፎቶዎቹ የሷ ናቸው። በስሜ ያሳተምኩት ሥራው እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። ካላንደሩን ላሠራው መሥሪያ ቤትም ሄጄ ተናግሬያለሁ።»

እማዬ አለቀሰች። ይቅር ብያለሁ አልኩ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ተናድጃለሁ። ይህን ባለፈው ሳምንት ቢለው ምን ነበረበት?

ማታ ሐዋሳ ደወልኩ። ያነሳችው አንዷ ጋዜጠኛ ብቻ ናት። አራተኛውን ገጽ እንዳታይው፣ ጣይው አልኳት።

«እህቴ፣ ከላክሽው ሁሉ ያነበብኩት እሱን ነው» አለችኝ። «ማክሰኞ ስመጣ መጀመሪያ የምጠይቅሽም ስለሱ ነው።»

ስለ ድረ ገጹ ምንም አላለችም።

እሁድ፣ ጊፋታ

ታሪኩ ከእናቱ ጋር መጣ። እማዬ ከእንሰት የሠራችውን ሙቹዋ ከአንድ ሳህን በላን፤ ቅቤው በእጃችን ይወርዳል። እናቱ ጉንጬን ሳመችኝ። ስለ ገጹ ልነግረው ስል ሰው ይገባል፣ ሰው ሲወጣ ደግሞ አፌ አይከፈትም። አልዋሽም፣ ውስጤ ያለችው አንዷ አሁንም ይበለው ትላለች።

ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ማክሰኞ ከፊት ወንበር ያዥልኝ፤ ስታስመርቂ ልይሽ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ዓመቱን ሙሉ የተመኘሁት ይኸው ነበር፤ ከፊት ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እያየው እንዲያፍር። አሁን ምን ብዬ እንደማስቀረው አላውቅም።